እጅ ከመውጣቱ በፊት

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ቡና እነግዳለሁ። በቴሌቪዥን ሳይ ፓርላማው አዋጁን በአንድ ጠዋት እጅ አውጥቶ ያጸድቀዋል። ክርክሩ የት ነው ያለው? እኛስ ለማን እንናገር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እርስዎ የሚያዩት መጨረሻውን ነው። ዋናው ሥራ ያለው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ነው። ረቂቁ አብዛኛውን ጊዜ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣል። አባላቱ በመጀመሪያው ንባብ በጥቅሉ ይነጋገሩበታል፤ ከዚያ ለኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው አንቀጽ በአንቀጽ ይመረምረዋል። አዘጋጁን መሥሪያ ቤት ይጠይቃል፣ ባለድርሻዎችን ጠርቶ ያዳምጣል።

የእርስዎ ሰዓት ይህ ነው። የኮሚቴው ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ከቀረበ በኋላ አንዲት ቃል ማስቀየር እንኳ ከባድ ነው። ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙም ሕጉ ሥራ ላይ ይውላል።

ስለዚህ «አዋጁ ይጎዳናል» ብለው ብቻ አይጻፉ። እንደ ቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ያለ ሕግ ሲረቀቅ፣ የትኛው አንቀጽ ሥራዎን እንዴት እንደሚነካ ይግለጹ። ምትክ አነጋገሩንም ጽፈው ለኮሚቴውና ለመረጡት ተወካይ ያድርሱ። ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ሆነው ቢፈርሙበት ደግሞ ይበልጥ ይደመጣል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ኮሚቴው ባለድርሻዎችን የሚያዳምጥበት መድረክ ጥሪ ዘግይቶ ሲወጣ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው ሥራውን ጥሎ እንዴት ይድረስ? ጉዳዩ የክልል ሕግ ከሆነ ግን አቤቱታዎ የሚሄደው ለክልሉ ምክር ቤት፣ ለጨፌ ኦሮሚያ ነው።