ቀዩ እሸት ቡና ፎቶ ላይ ለምን ይደፈናል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በለቀማ ወቅት ከጅማ ወጣ እያልኩ የቡና እርሻ ፎቶ አነሳለሁ። ቅርጫት ሙሉ እሸት ቡና ግን ፍሬ ከፍሬ ሳይለይ አንድ ወጥ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ኤዲት ሳደርግ ብርሃኑን ብቀንሰውም ያው ነው። ጥፋቱ የካሜራው ነው ወይስ የእኔ?

መልስ፦ የሚጀምረው ካሜራው ላይ ነው፤ ኤዲቲንጉ ያባብሰዋል። ፀሐይ ያረፈበት የበሰለ ፍሬ ቀዩን ቻናል (ካሜራው ቀለምን ለይቶ ከሚመዘግብባቸው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍሎች አንዱን) ቀድሞ ይሞላዋል። አረንጓዴውና ሰማያዊው ገና ዝቅ እንዳሉ ቀዩ የመጨረሻው ደረጃ 255 ላይ ይደርስና ይቆማል። የፍሬው ክብነትና ጥላ የሚነበበው በዋናነት በቀዩ ደረጃዎች ልዩነት ነውና፣ ልዩነቱ ሲጠፋ ፍሬዎቹ ይዋሃዳሉ። አጠቃላይ ብርሃንን ብቻ የሚያሳየው ሂስቶግራም (የብርሃን ደረጃዎች ግራፍ) ይህን ይደብቃል፤ ሦስቱን ቀለማት ለየብቻ የሚያሳየውን ይክፈቱ። ቀዩ የቀኙን ጠርዝ ከነካ ከ1/3 እስከ 2/3 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ ማሳነስ ነው) ቀንሰው እዚያው ደግመው ያንሱ።

በጄፔግ (ካሜራው ራሱ አዘጋጅቶና አጭቆ በሚያወጣው ፋይል) ከሆነ ያነሱት፣ ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው 256 ደረጃ ብቻ ስለሆነ የተደፈነው አይመለስም። ብርሃኑን ሲቀንሱ ለውጥ ያላዩትም ለዚህ ይመስለናል፤ ጠፍጣፋው ቀይ ይጠቁራል እንጂ አይከፈትም። ባለ 14 ቢት ራው (ካሜራው ገና ያላዘጋጀው ጥሬ) ፋይል 16,384 ደረጃ ይይዛል። በኤዲቲንግ ፕሮግራሞቹ በላይትሩም ወይም በነፃ በሚገኘው ዳርክቴብል ይክፈቱት፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አይቸኩሉ። መጀመሪያ የቀለም ፕሮፋይሉን ይመልከቱ፦ ቪቪድ (ደማቅ) ላይ ከሆነ ወደ ኒውትራል (ለዘብ ያለ) ያውርዱት፤ ብዙ ጊዜ ፍሬዎቹ በዚህ ብቻ ይለያያሉ። ቀጥሎ ኋይት ባላንስ (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የብርሃኑን ቀለም ማስተካከል)። በጥላ ዛፎች ሥር የሚደርሰው ብርሃን ቅጠል ለቅጠል ሲንጸባረቅ አረንጓዴ ይይዛል፤ ቲንቱን (ከአረንጓዴ ወደ ሐምራዊ ቀይ የሚሄደውን ማስተካከያ) ወደ ማጌንታ ጥቂት መግፋት ያስፈልጋል። በዚያው ብርሃን ግራጫ ካርድ (ለቀለም ማመሳከሪያ የሚያገለግል) አንስተው ከሆነ ግምት አያሻዎትም። ከዚያ ኤክስፖዠር (አጠቃላይ ብርሃኑ)፤ በመጨረሻ የቀዩን ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ብቻ ከ10 እስከ 20 መቀነስ። አብዛኛው ሰው ይህን ገልብጦ ይሠራዋል፦ ሳቹሬሽን መጀመሪያ፣ ያውም ወደ ላይ! የዳነውን ቀይ መልሶ የሚደፍነው ይህ ነው።

ብርቱካናማው ስላይደር (የቀለም ማስተካከያ) ላይ ይጠንቀቁ። የለቃሚዎቹ የፊት ቀለም በአብዛኛው የሚኖረው እዚያ ነው፤ ሲነኩት ፊቱ አመድ ይለብሳል። ፍሬውን በማስክ (የመረጡትን ቦታ ብቻ በሚለየው መሣሪያ) ለይተው ይሥሩ። ከዝናብ በኋላ ቅጠል ላይ የሚያብረቀርቀውን ነጭ ደግሞ የትኛውም ስላይደር በወጉ አያነሳውም፤ የፖላራይዘር (ሌንስ ላይ የሚገጠም፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ) ሥራ ነው፣ ከ1.5 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን ቢያስከፍልም።

ጥያቄ፦ ጅረን ላይ ያነሳሁትን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አስተካክዬ ፊቱ የቆመውን ባጃጅ አጠፋሁት። ጓደኞቼ «ይሄ ፎቶ ሳይሆን ውሸት ነው» አሉኝ።

መልስ፦ ጄፔግ የሚሰጥዎ ካሜራ ራሱ ኮንትራስቱን፣ ጥራቱንና ቀለሙን ሳይጠይቅዎ ወስኖ ነው የሚያወጣው፤ በፊልም ዘመንም አታሚው በጨለማ ክፍል ውስጥ በእጁ ብርሃን እየከለለ አንዱን ያነጣ፣ ሌላውን ያጠቁር ነበር። ስለዚህ ኤዲት ማድረግ በራሱ ውሸት አይደለም። ሽቅብ ሲያነሱት ወደ ኋላ የተጋደመውን ሕንፃ ማቃናትም እንደዚያው ነው፤ እርማቱ ጠርዙን ስለሚቆርጥ ሲያነሱ ዙሪያውን ቦታ ይተዉለት። ባጃጁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል የሥነ ጥበብ ሥራ መብትዎ ነው፤ ለዜና ወይም ለቅርስ መዝገብ ከሆነ አይነካም። ዓለም አቀፉ የዜና ፎቶ ውድድር ወርልድ ፕሬስ ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ተሸላሚ ሥራ ከውድድር ያስወጣው ከምስሉ ጥግ የአንድ ሰው እግር ጫፍ ስለጠፋ ነበር። ለእኛ ለእኛ ባጃጁ ቢቀር ይሻል ነበር፤ ፎቶው የየትኛው ዘመን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ስክሪን ላይ የሚያምረው ፎቶ ሲታተም ይጨልማል፤ ይደበዝዛልም።

መልስ፦ ኅትመቱ የጨለመው ስክሪንዎ ከልክ በላይ ስለበራ ነው፤ ኤዲት ሲያደርጉ ብርሃኑን ዝቅ ያድርጉ። ቀለሙ የሞተው ፋይሉ በአዶቤ አርጂቢ (ሰፊ የቀለም ክልል) ስለወጣ ሊሆን ይችላል፤ ማተሚያ ቤቱ ሌላ ካላለዎት በተለመደው የቀለም ክልል በኤስአርጂቢ ያውጡት። ለ30 በ40 ሴንቲ ሜትር ኅትመት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 3,543 በ4,724 ፒክስል ይፈልጋል፤ 200ም ቢሆን ግድግዳ ላይ ያስኬዳል። በቴሌግራም ሲልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ አለዚያ መተግበሪያው አሳንሶና አጭቆ ነው የሚያደርሰው።