ቴስቱ ያልፋል፣ ካርዱ ግን ንቅንቅ አይልም

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ ሶፍትዌር ቴስተር ነኝ። ስራ የምንከፋፈልበት ቦርድ አለን፣ ካርዱን በማውስ ይዘህ «በመሰራት ላይ» ከሚለው ወደ «ያለቀ» ትጎትተዋለህ። በእጄ ስሞክረው ሰላም ነው፣ በሴሌኒየም (ብሮውዘሩን በኮድ የሚያንቀሳቅስ የቴስት መሳሪያ) ድራግ ኤንድ ድሮፕ ስለው ግን ኤረርም አይሰጠኝ ካርዱም ንቅንቅ አይል። ዌይት (የመጠበቂያ ጊዜ) ብጨምርበትም ያው ነው፣ ምን ይሻለኛል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድማችን ዌይቱን ተወው። መጀመሪያ ካርዱን ኢንስፔክት አድርገውና (ኮዱን ብሮውዘሩ ላይ እየውና) draggable="true" (ድራጋብል ትሩ) የሚል ካለበት ገጹ የብሮውዘሩን የራሱን መጎተቻ ነው የሚጠቀመው ማለት ነው፣ ኤችቲኤምኤል 5 የሚባለው (መሰረቱ የ1999ኙ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ስለሆነ አመሉም የዛ ዘመን ነው)። ገጹ ድራግስታርት፣ ድራግኦቨር፣ ድሮፕ የሚባሉ ኢቬንቶችን (ብሮውዘሩ «ይሄ ሆነ» ብሎ ለገጹ የሚልካቸውን ምልክቶች) ይጠብቃል፣ ሴሌኒየም ደግሞ ማውሱን አንቀሳቅሶ እነሱን ሳያስነሳ ሊጨርስ ይችላል። ለሱ ስራው አልቋል፣ ለዛ ነው ኤረር የማታየው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ኢቬንቶቹን በጃቫስክሪፕት አስመስሎ የሚልክ ኮድ ይለጥፋል። ይሰራል፣ ግን እኔ አልወደውም። ዴቨሎፐሩ ድራግኦቨር ላይ ፕሪቬንት ዲፎልት (ለብሮውዘሩ «እዚህ መጣል ይቻላል» የሚለው ትእዛዝ) ማለት ከረሳ ብሮውዘሩ ድሮፕን ጭራሽ አይልክም፣ ተጠቃሚው ካርዱን ሲለቀው ተመልሶ ቦታው ይገባል፣ ያንተ ኮድ ግን ድሮፑን በግድ ስለሚልከው ቴስቱ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ ይላል። ካርዱ በፖፕአፕ ቢሸፈንም እንደዛው። ከተቻለ ለዚህ ቴስት ፕሌይራይት የሚባለውን ሌላ የቴስት መሳሪያ ሞክር፣ ድራግቱ የሚለው ትእዛዙ ካልሆነልህ በእጅህ ከፋፍለው፦ ካርዱ ላይ ሆቨር፣ ማውስ ዳውን፣ መድረሻው ላይ ሁለቴ ሆቨር፣ ማውስ አፕ። ሁለቴ ያልኩህ ድራግኦቨር በሁሉም ብሮውዘር እንዲነሳ አንድ እንቅስቃሴ ስለማይበቃ ነው።

ድራጋብል ከሌለው ግን ገጹ ለመጎተት የሚጠቀምበት ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የመጣ ኮድ) የማውስ ወይ የፖይንተር ኢቬንቶችን ነው የሚያዳምጠው፣ እዛ ላይ ሴሌኒየምህ ይበቃሃል። አንዳንዶቹ ጥቂት ፒክስል ካልተንቀሳቀስክ መጎተት ጀመረ አይሉም፣ ስለዚህ ክሊክ ኤንድ ሆልድ ብለህ ትንሽ ገፋ አድርገው፣ ከዛ መድረሻው ጋ ወስደህ ልቀቀው።

ደሞ ካርዱ ስለተንቀሳቀሰ ብቻ ፓስ እንዳትል፣ ብዙ ገጽ ሰርቨሩ ሳይመልስ ነው ካርዱን የሚያዛውረው፣ ሴቭ መሆኑን ጠብቀህ ሪፍሬሽ አድርገህ «ያለቀ» ውስጥ መኖሩን እይ። እግረ መንገድህን ሳይጎትቱ በክሊክ ማዛወሪያ መኖሩንም ቼክ አድርግ፣ በ2023 የወጣው ደብሊውካግ 2.2 (ድረ ገጽ ለአካል ጉዳተኞችም እንዲመች የወጣ መመሪያ) ይጠይቃል፣ ከሌለ ባግ ብለህ መዝግበው።