የግል ወሬ በስልክ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲበረታ ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል፤ ጨዋታው ሁሉ በስልክ ይሆናል። ባለፈው ስለ ምስጢራዊ መልእክት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የተደጋገሙትን ልመልስ።

ከእጮኛዬ ጋር የምናወራው በቴሌግራም ነው። ሌላ ሰው ሊያነበው ይችላል? (ከደብረ ሲና)

እህቴ፣ ይህን ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ቴሌግራም ላይ የተጻፈ ሁሉ ምስጢር ይመስለናል። አይደለም። ተራው ቻት እስከ ኩባንያው ሰርቨር (ወሬው የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ድረስ ተቆልፎ ይሄዳል፤ የሰርቨሩ ቁልፍ ግን ኩባንያው እጅ ነው። አዲስ ስልክ ገዝተሽ ስትገቢ የድሮው ወሬ በሙሉ የሚመጣልሽ እዚያ ተቀምጦ ስለነበር ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ ሲሆን ግን ቁልፉ ያለው በአንቺና በእሱ ስልክ ላይ ብቻ ነው። መሐል ላይ የጠለፈው ሰው ምንም ማንበብ አይችልም።

ቴሌግራም ላይ ይህን የምታገኚው "ሲክሬት ቻት" ስትከፍቺ ነው። የእጮኛሽን ፕሮፋይል ክፈቺ፣ ሦስቱን ነጥቦች ንኪ፣ እዚያ ታገኚዋለሽ። የቁልፍ ምልክት ካየሽ ገብተሻል። ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ግሩፕ ላይ ጭራሽ የለም። እባካችሁ፣ የእድር ግሩፕ ላይ የሰው ገመና አትጻፉ።

የትኛውን ብጭን ይሻለኛል? (ከአንኮበር)

ጋሼ፣ ለእርስዎ ሲግናል የሚባለውን የመልእክት አፕ እመርጣለሁ። ጽሑፉም፣ ጥሪውም፣ ግሩፑም ምንም ሳይነኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ነው። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ የሚያስተዳድረውም ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። ከፕሌይ ስቶር ያውርዱት፣ ስልክ ቁጥርዎን ያስገቡ፣ በኤስኤምኤስ የሚመጣውን ኮድ ይሙሉ። ከዚያ ፒን ያውጡ፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብተውም የምዝገባ መቆለፊያውን (ሌላ ሰው ያለ ፒኑ በቁጥርዎ እንዳይመዘገብ የሚያግደውን) ያብሩት። በኤስኤምኤስ የመጣውን ኮድ ለማንም አይስጡ። "በስህተት ወደ እርስዎ ተልኮብኝ ነው" የሚል ሰው ቢደውል ሌባ ነው።

የሚያወሩት ሰውም ሲግናል ሊኖረው ይገባል። ልጆችዎ ዋትሳፕ ብቻ ካላቸው እሱም ደህና ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀመው የሲግናልን የምስጠራ ዘዴ ነው። ባካፑን (የወሬዎን መጠባበቂያ ቅጂ) ግን ለብቻው በይለፍ ቃል ያስመስጥሩት፤ ሳይነግሩት አይቆልፈውም።

የማወራው ራሱ ጓደኛዬ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሲግናልም ዋትሳፕም ለሁለታችሁ 60 አኃዝ ያለው ቁጥር ያወጣሉ። ሻይ ቡና ስትሉ ስልኮቻችሁን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተያዩት፤ ወይም አንዱ የሌላውን ኪውአር ኮድ ስካን ያድርግ። ከገጠመ ጨርሳችኋል። በኋላ አፑ ይህ ቁጥር ተቀይሯል ካለህ አብዛኛውን ጊዜ ጓደኛህ ስልክ ቀይሮ ነው። ቢሆንም ደውለህ ድምፁን ስማ።

እናቴ መንዝ ናት፤ ስልኳ ኢንተርኔት የለውም። ለእሷስ?

ለእሷ አይሆንም፣ ወንድሜ። ተራ ጥሪና ኤስኤምኤስ እንዲህ ያለ ቁልፍ የላቸውም። ምስጢር ካለህ ስትሄድ በአካል ንገራት።

ይህን ሁሉ ካደረግኩ በቃ ተረጋጋሁ?

አንድ ነገር ይቀራል፤ እኔን ያቃጠለኝም እሱ ነው። አንድ ጊዜ ስልኬን ለጥገና ሰጠሁ። ጠጋኙ ፓስዎርዱን ሲጠይቀኝ ሳላስብ ነገርኩት። የወንድሜን የሕመም ጉዳይ የተጻጻፍንበትን አንብቦ ለሰው አወራ። ወንድሜ ለማንም እንዲነገርበት አልፈለገም ነበር። ምስጠራው መንገድ ላይ ያለውን ሌባ እንጂ ስልኩን ከፍቶ የያዘውን ሰው አይከለክልም።

ስለዚህ ስልካችሁን ቆልፉ። ከባድ ወሬ ሲሆን የሚጠፋ መልእክት አብሩ፤ ሲግናል ላይ ጊዜውን እስከ 4 ሳምንት መወሰን ትችላላችሁ። መልእክቱ ከሁለቱም ስልክ ይጠፋል። ያኛው ሰው ስክሪንሹት ካነሳው ግን የእሱ ፎቶ ይቀራል፤ ስለዚህ የምትጽፉለትን ሰው ምረጡ። እኔ አሁን ስልክ ሳስጠግን አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ፓስዎርዱንም ራሴ ነኝ የምነካው።