ሰብሳቢ ከመሆናችሁ በፊት ጸሐፊ ሁኑ

ለወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አንዳንዶቻችሁ በሙያ ማኅበራችሁ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስማችሁ መጠቆሙ አይቀርም። ምናልባትም እናንተ በሌላችሁበት። እኛ ዘንድ ከስብሰባ የቀረ ሰው መመረጡ የተለመደ ነው፤ የመጡት ሥራውን ስለሚያውቁት ይሸሹታል። ስልክ ተደውሎ "እንኳን ደስ አለህ፣ ቦርድ ገብተሃል" ስትባሉ ግራ እንዳይገባችሁ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። በሙያ ማኅበር ቦርድ ውስጥ ለረጅም ዓመታት በጸሐፊነትም በሰብሳቢነትም አገልግያለሁ። ክፍያ የለውም። ዘመድ ወዳጅ "ስንት ይከፍሉሃል?" ማለቱ አይቀርም። "ምንም" ስትሉ ወይ አያምናችሁም ወይ ያዝንላችኋል። ሁለቱንም ልመዱት።

ቦታ የመምረጥ ዕድል ካገኛችሁ ጸሐፊነቱን ውሰዱ። ሰብሳቢነቱ ይደርሳል። ሰብሳቢ መድረክ ላይ ይናገራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከባለሥልጣን ጋር ይጨባበጣል። ማኅበሩ የሚኖረው ግን ቃለ ጉባኤው ውስጥ ነው።

አንድ ጊዜ አዲስ ቦርድ ተመረጠና የባንክ ፈራሚዎችን መቀየር አስፈለገ። ባንኩ ደብዳቤ አምጡ አለ። ደብዳቤውን የሚጽፈው መሥሪያ ቤት ደግሞ ቃለ ጉባኤውን ጠየቀ። ቃለ ጉባኤው ተፈልጎ ተገኘ። ሁለት ገጽ ነው፤ ግማሹ የመክፈቻ ንግግር። ማን ስንት ድምፅ እንዳገኘ የለም። ምልዓተ ጉባኤ (ለውሳኔ የሚበቃ የተሰብሳቢ ቁጥር) መሟላቱ አልተጻፈም። ተሳታፊዎች የፈረሙበት ወረቀት ስብሰባው የተካሄደበት ሆቴል ቀርቷል። ከቀድሞ ፈራሚዎች አንዱ ውጭ አገር ሄደዋል። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ፣ የጽሕፈት ቤታችን ሠራተኛ ደመወዝ ሳታገኝ ወራት አለፉ። የሰረቀ የለም፣ የተጣላ የለም። የጎደለው አንድ ገጽ ወረቀት ነበር።

ስለዚህ ቃለ ጉባኤ ስትይዙ ሰው የተናገረውን ሁሉ አትልቀሙ። ማን ተገኘ፣ ማን ቀረ፣ ምን ተወሰነ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ። በሐሳብ የተለየ አባል ካለ ልዩነቱን በስሙ ጻፉለት። ሰው ሳይበተን አስፈርሙ። "በሚቀጥለው ስብሰባ እንፈርማለን" የተባለ ቃለ ጉባኤ ሲፈረም አይቼ አላውቅም።

የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1961 ተመሠረተ። በዓመቱ መጽሔቱን ጀመረ፤ መጽሔቱ ዛሬም ይታተማል። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግም ሄደ። በዚያ ሁሉ ዘመን የተፈራረቁትን ሰብሳቢዎች በስም የሚቆጥር ብዙ ሰው አታገኙም። መጽሔቱን ግን በቅጽና በቁጥር ፈልጋችሁ ታነቡታላችሁ።

እድራችሁንም ተመልከቱ። የእድር ዳኞች ስለ አመራር ሥልጠና የወሰዱ አይደሉም። ግን መዝገብ አላቸው። መዋጮ በወሩ ይከፈላል፤ የቀረ ይቀጣል፣ ዶክተርም ይሁን ዘበኛ። እኛ የተማርነው ለእድር ሳናስተጓጉል እየከፈልን የሙያ ማኅበር መዋጮ ሲሆን እናዳፍናለን። (ለድንኳኑ ብለን ነው እንዳትሉኝ።)

የመዋጮው ነገር ቀላል አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ ምንጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ እንዳያገኙ ከለከለ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሂሳቡ ታግዶ አብዛኞቹን ሠራተኞቹን ለማሰናበት ተገደደ። ጥፋቱ የሕጉ እንጂ የማኅበሩ አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካው ያ ገደብ ተነሳ። ያን ዘመን ያየን ሰዎች ግን የለጋሽ ገንዘብ በአንድ አዋጅ ሊቆም እንደሚችል አልረሳንም። የአባላት መዋጮ ቢያንስ የቢሮ ኪራይና የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ይሸፍን። አዲሱ አዋጅም ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። ይህን ቁጥር ሒሳብ ሠራተኛው ብቻ አይወቀው፤ ቦርዱ በጀት ሲያጸድቅ ጸሐፊው ያስታውስ።

ገንዘብ ካነሳን አይቀር፣ ስለ ፕሮፎርማ (ሻጭ የሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ) ላውጋችሁ። ለጉባኤ የሚታተም መጽሔት ነበረን፤ ሦስት ፕሮፎርማ ቀረበ። ሦስት ማኅተም፣ ሦስት የድርጅት ስም። ሁለቱ ላይ ግን "ጠቅላላ ዋጋ" የሚለው "ጠቅላ ዋጋ" ተብሎ ተጽፏል፤ ከአንድ እጅ የወጡ ይመስላሉ። ያመጣቸው የቦርድ ባልደረባችን ነው፤ አንደኛው ማተሚያ ቤት የአማቹ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሰውየው ማኅበሩን የሚወድ፣ ከኪሱ አውጥቶ የሚሠራ ነው። ዋጋውም ውድ አልነበረም። የዚያን ጊዜ ሰብሳቢያችን የነበሩት ሴትዮ ጉዳዩን ስብሰባ ላይ አላነሱትም። ቀድመው ቡና ጋብዘው ለብቻው ነገሩት። በስብሰባው ዕለት እሱ ራሱ "ዝምድና ስላለኝ ልውጣ" ብሎ ወጣ፤ ይህም ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። አዲስ ፕሮፎርማ ሌላ ሰው ሰበሰበ። ያ ቡና ባይኖር ወይ በይሉኝታ ዝም እንል ነበር፣ ወይ ጎበዝ ሰው እናጣ ነበር።

"መግለጫ አውጡ" የሚል ግፊትም ይመጣባችኋል። አገር ሲረበሽ የአባላቱ ቴሌግራም ይጋጋላል፤ ዝም ብትሉ ትወቀሳላችሁ፣ ብትናገሩ "የማን ወገን ናችሁ?" ትባላላችሁ። መተዳደሪያ ደንባችሁን ገልጣችሁ ዓላማውን አንብቡ። ስለ ሙያውና ስለ ባለሙያው ከሆነ ፈርታችሁ አትቅሩ። ከዚያ ያለፈውን አባላት በየራሳቸው ስም ይናገሩት። ሁሉም ሰው በዚህ አይስማማኝም፤ እኔ ግን ማኅበር በአንድ መግለጫ ለሁለት ሲሰነጠቅ አይቻለሁ።

የሥራ ዘመናችሁ ሲያልቅ ውጡ። "ሰው ጠፋ" እየተባለ ለሦስተኛ ዙር የሚለመን ሰብሳቢ ሞልቷል። ብዙ ጊዜ ሰው የጠፋው እሱ ስላልተነሳ ነው። ስትወጡ በጽሑፍ፣ ተቀባዩን አስፈርማችሁ አስረክቡ፦ ማኅተሙን፣ የቼክ ደብተሩን፣ የአባላቱን ዝርዝር፣ ያልተዘጉ ውሎችን፣ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል። የቴሌግራም ግሩፑን ባለቤትነትም አስተላልፉ፤ ይሄ ሁልጊዜ ይረሳል። አዲሱን ሰብሳቢ እየደወላችሁ አታስጨንቁት። እሱ ከደወለ ግን አንሱለት።