ዘጠኝ ወር ቢሰጣችሁ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት ጡረታ ክፍያ ላይ ነው። የቀድሞው የኔፓል ጠቅላይ ሚኒስትር ማንሞሃን አዲካሪ ሲነሡ ሰው ስለ ኮሚኒዝም ይከራከራል። የእኔ ልብ የሚሄደው ግን ለአረጋውያን ወደ ሰጧት 100 ሩፒ፣ የኔፓል ገንዘብ፣ ነው።

ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ልጻፍላችሁ። ሰውዬው በ1920 ተወለዱ። ህንድ፣ ባናራስ ተማሪ ሳሉ በ1942ቱ ፀረ እንግሊዝ ንቅናቄ ገብተው ታሰሩ። በ1947 ደግሞ ኔፓል ውስጥ ቢራትናጋር በሚባል ከተማ በጁት ፋብሪካ፣ ጆንያ በሚሠራበት፣ የሠራተኛውን አድማ ከመሩት አንዱ ነበሩ። ያኔ ኔፓልን በዘር ውርስ ይገዙ የነበሩት ራናዎች የአድማውን መሪዎች ይዘው በእግር እያስኬዱ ካትማንዱ አስገቧቸው። ካርታ አውጥታችሁ እዩት፤ መሃሉ ተራራ ነው። በ1960 ንጉሥ ማሄንድራ ፓርላማውን በትነው ሥልጣን ሲጠቀልሉ እንደገና ወህኒ ወረዱ፤ ዓመታትም እዚያው አለፉ።

ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት በ1994 መጨረሻ ላይ፣ በ74 ዓመታቸው ነው። የኔፓል የመጀመሪያው ኮሚኒስት ጠቅላይ ሚኒስትር። ፓርቲያቸው ከ205 ወንበር የያዘው 88 ብቻ ነበር። ሌሎቹ በተስማሙ ቀን ያወርዷቸዋል። እሳቸው ግን የሚሠሩትን አውቀው ነው የገቡት። ለየመንደሩ አስተዳደር 300,000 ሩፒ በቀጥታ ይድረስ አሉ። 75 ዓመት ለሞላው ሰው ደግሞ በወር 100 ሩፒ።

እዚች ላይ ላቁማችሁ። መስፈርቱ ዕድሜ ነው፣ በቃ። ድሃ ነህ፣ አይደለህም ብሎ የሚመረምር ኮሚቴ የለም። ኮሚቴ ከሌለ እጅ መንሻም የለም። በእርግጥ አማካይ ዕድሜ 60 ባልደረሰበት አገር 75 ማለት ብዙውን ሰው ያስቀራል። ይሄ ዛሬም ይቆጨኛል። ግን የደሃ አገር በጀት ነው፣ የሆነ ቦታ መጀመር ነበረበት።

ገንዘቡ ትንሽ ነው እንዳትሉኝ። እኔ መስኮት ላይ አንዲት እናት ይመጡ ነበር። ብሩን ሁለት ጊዜ ይቆጥሩታል፣ ከዚያ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ጠበቅ አድርገው ይቋጥሩታል። «በዚህ ወር የልጄን እጅ አላይም» ይሉኛል። ድምፃቸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

አዲካሪ የቆዩት ዘጠኝ ወር ገደማ ነው። በ1995 ከሥልጣን ሊያወርዷቸው ሲሰናዱ ፓርላማውን አስበተኑ። ይህን አልደግፍላቸውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መበተኑ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፓርላማውን መለሰ። እሳቸውም ውሳኔውን ተቀብለው ፓርላማ ፊት ቀረቡ፣ በድምፅ ተሸንፈው ወረዱ። በ1999፣ በ78 ዓመታቸው፣ ለሌላ ምርጫ ሲቀሰቅሱ አረፉ።

ከዚያ ወዲህ ኔፓል ውስጥ ስንቱ መንግሥት ተቀያየረ። ዘውዱም ቀረ። አበሏ ግን አለች፤ ተፎካካሪዎቻቸውም ወንበሩ ላይ ሲወጡ መክፈሉን አላቋረጡም። ዛሬ 4,000 ሩፒ ደርሳለች።

«አለቃ ስሆን እሠራዋለሁ» የሚል ልጅ በሥራ ዘመኔ ብዙ አይቻለሁ። አለቃ ሲሆን ስብሰባው ይበላዋል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ደብተር አውጡ። ዘጠኝ ወር ብቻ ቢሰጠኝ ብላችሁ አንድ ነገር ጻፉ። ማንን ይጠቅማል፣ ስንት ይፈጃል፣ ገንዘቡ በየት በኩል ሰውዬው እጅ ይደርሳል። አንድ ገጽ ይበቃል። ከፈለጋችሁ ላኩልኝ፣ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ።