የእማዬን ፋይዳ ቴሌግራም ላይ አገኘሁት

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ባለፈው የእማዬን ፋይዳ ፕላስቲክ ላይ ላሳትምላት ሰፈራችን ያለ ፕሪንት ቤት ሄድኩ፣ ልጁ ቁጥሩን በቴሌግራም ላኪልኝ አለኝ ላኩለት፣ ከዛ ኦቲፒ የሚሉት የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ቁጥር መጣ (ስትመዘገብ የኔን ስልክ ነው ያስሞላኋት) እሱንም ነገርኩት፣ ካርዱን ይዤ ወጣሁ። አሁን የእህቴ ልጅ አንድ ቻናል ላይ «በ10 ደቂቃ ጥራት ያለው ካርድ» የሚል ማስታወቂያ አሳየኝ፣ ናሙና ብለው የለጠፉት የእማዬን ነው፣ ፊቷ ስሟ ቁጥሯ ሁሉም! ምን ሊያደርጉበት ይችላሉ? ቁጥሯን አስቀይሬ ብገላገልስ?
ስሜ ይቆይ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ አይዞሽ፣ ፎቶውን ያየ ሁሉ ባንክ ሄዶ የእማዬን ብር አያወጣም። ሲመዘገቡ አስሩም ጣት፣ አይንና ፊት የሚወሰደው ለዚሁ ነው፣ በደንብ የሚያጣራ ቦታ አሻራ ወይ ኦቲፒ ይጠይቃል። ካርድ አይቶ ኮፒ አስቀርቶ የሚያልፍ ቦታም ግን ሞልቷል፣ እዛ ፎቶው ብቻውን ይበቃል።

ኦቲፒው እንኳን አንዴ አገልግሎ አልቋል፣ ልጁ ፋይሉን አወረደበት በቃ። እኔን የሚያስፈራኝ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ስልክ ነው። «የተወለዱት በዚህ ቀን አይደል እማማ? ከባንክ ነው፣ ፋይዳዎን ከአካውንትዎ ጋር እያገናኘንልዎ ነው፣ አሁን የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል፣ ስሟንና ልደቷን አስተካክሎ የጠራን ሰው እማዬ በምን ትጠረጥረዋለች?

ማስቀየሩን በተመለከተ፣ ባለ 12 አሃዙ ፊን (ዋናው የፋይዳ መለያ ቁጥር) እንደ ፓስወርድ አይደለም፣ የእድሜ ልክ ነው። ባለ 16 አሃዙ ፋን (ተለዋጭ ቁጥሩ) የመጣው እሱን እንዲሸፍን ነው፣ ስለዚህ የትኛው እንደተለጠፈ እዪ፣ የካርዱ ጀርባም አብሮ ካለ ስልክና አድራሻም ወጥቷል ማለት ነው። ህንዶች ይሄን ተቃጥለው ነው የተማሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የጃርካንድ ክልል መንግስት ዌብሳይት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጡረተኞችን የአድሃር (የእነሱ ፋይዳ በይው) ቁጥር ለማንም ክፍት አድርጎት ተገኘ፣ በ2018 መጀመሪያ ደግሞ አንዲት ጋዜጠኛ ለደላላ 500 ሩፒ ከፍላ የፈለገችውን ሰው ስምና አድራሻ ማየት እንደቻለች ጻፈች። እነሱም ባለ 16 አሃዝ ተለዋጭ ቁጥር ያመጡት ከዛ በኋላ ነው። ከሁለቱም ሰርቆ የገባ የለም እኮ፣ በሩን ከፍቶ የተወው ሰው ነው።

አሁን ቻናሉን ስሙ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺ፣ ከዛ ሪፖርት አድርጊው፣ ቅደም ተከተሉን አትሳቺ ምክንያቱም ከጠፋ ማስረጃሽም አብሮ ይጠፋል። ከዛ ፕሪንት ቤቱ ሂጂ። ልጁ ቻቱን አጥፍቻለሁ ቢልሽ እሺ ብለሽ አትመለሺ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚል ፎልደር አለ፣ የስንቱ ሰው ፋይዳ እዛ እንደተከመረ ብታዪ ትገረሚያለሽ፣ ከዛም ከሪሳይክል ቢንም አብረሽው ቆመሽ ይሰረዝ። እምቢ ካለ አትጨቃጨቂ፣ ፖሊስ ጋር ሂጂ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ያለ ፈቃድ የሰው መረጃ እንዲህ መበተንን አይፈቅድም፣ ተቆጣጣሪው የኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ስለሆነ እዛም አመልክቺ። በርግጥ የኮንዶሚኒየም እጣ ስናይ የሰው ሁሉ ስም ጋዜጣ ላይ እየፈለግን ያደግን ህዝብ ነን፣ ልጁም ጥፋት መሆኑ ላይገባው ይችላል፣ ያ ግን የእማዬን ፊት ከቻናሉ አያወርደውም።

ሌላው የተመዘገበው ስልክ ያንቺ መሆኑ ነው። ለጊዜው ጥሩ ነው፣ ኦቲፒ አንብቡልኝ የሚለው ሰው እሷ ጋር ቢደውልም ቁጥሩ የሚገባው አንቺ ጋር ነው፣ «ልጄ የሆነ ቁጥር መጣልሽ ወይ» ብላ ከደወለችልሽ እንዳትነግሪያት። ሲሙ ቢጠፋብሽ ግን እስከ ነገ አታሳድሪው፣ ዛሬውኑ አዘጊው፣ የእማዬም ቁልፍ እሱ ውስጥ ነው ያለው።