ጠቅልሎ የገባው ሰው «አልወጣም» ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በቤተሰብ ጉዳይ ላይ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። ሰሞኑን «ሳንጋባ አብረን ኖርን፣ አሁን ይብቃን ብለው እምቢ አለ» የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል። ዛሬ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየሙ የራሴ ነው፣ ዕጣው የወጣልኝ እሱን ሳላውቀው ነው። ጠቅልሎ ከገባ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ሥራ ሲሄድ ቁልፉን ቀይሬ ልብሱን ጥበቃው ጋ ባስቀምጥለትስ?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ ቁልፉን ለጊዜው አትንኪው። ቤቱ ያንቺ ነው። ግን ባለቤት መሆንና ቤቱ ውስጥ መኖር በሕግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በጉልበት ካስወጣሽው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 መሠረት «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ሊከስሽ ይችላል። ለዚህ ክስ 2 ዓመት ጊዜ አለው። ካርታሽ መከላከያ ሊሆንሽ ይችላል፣ ግን ፍርድ ቤት መመላለሱ አይቀርልሽም። ሌላም ጣጣ አለ። «ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገንዘብ ነበረኝ፣ ጠፋ» ቢልሽ ምን ትመልሻለሽ?

መጀመሪያ ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሰው አስቀምጠሽ ንገሪው። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ቀን የተጻፈበት ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪው፣ ቅጂውን አስቀሪ፣ ሲቀበል ምስክር ይኑር። ሠላሳ ቀን ብትሰጪው ጥሩ ነው። ቁጥሩ የኔ ምክር ነው፤ ዳኛው ፊት በቂ ጊዜ እንደሰጠሽው ያሳይልሻል። ያም ካለፈ «ቤቴን ለቆ ያስረክበኝ» ብለሽ ትከሺያለሽ።

ጥያቄ፦ ሦስት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው የቤቱን ግማሽ ይወስዳል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወሬው ግማሽ እውነት ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 102 የሚለው እንዲህ ነው። ሰዎች ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ 3 ዓመት ከኖሩ፣ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራ ይሆናል፤ በውል ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር። ከዚያ በፊት የነበረሽ ቤት ያንቺው ነው። የባንክ ዕዳውን አብራችሁ ስትከፍሉ ከነበር ግን ክርክር ይነሳል፣ ደረሰኞችሽን ከአሁኑ ሰብስቢ። ይህ ሕግ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው።

ጥያቄ፦ እኛ አልፈረምንም። ሽማግሌ ልኬ ቤተሰቦቿ ድግስ ደግሰው ሰጡኝ እንጂ ማዘጋጃ አልሄድንም። ስለዚህ ሚስቴ አይደለችም፣ ላስወጣት እችላለሁ አይደል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ጉዳይ ስንት ሰው ሲሳሳት አይቻለሁ። ሕጉ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል የሚፈጸም። ሦስቱም እኩል ናቸው። ሽማግሌ ልከህ፣ ተደግሶ፣ ተመርቃችሁ ከሆነ፣ ሚስትህ ናት የሚባልበት ዕድል ሰፊ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ፍቺ ነው፤ እሱም በፍርድ ቤት ነው የሚያልቀው። ማን ከቤት ይውጣ የሚለውንም ፍርድ ቤቱ ልጆቹንና የበለጠ የሚጎዳውን ወገን አይቶ ይወስናል።

ድግስ ባይኖር እንኳ ሰው እንዴት ያውቃችሁ እንደነበር ይታያል። እድር ላይ ባለቤቴ ብለህ አስመዝግበሃታል? መታወቂያህ ላይ ያገባ ይላል? ጎረቤት በለቅሶና በሠርግ እንዴት ነበር የሚጠራችሁ? እነዚህ ሁሉ ማስረጃ ይሆናሉ። ደግሞ እባክህ፣ ዓመታት አብራህ የኖረችን ሴት በሻንጣ በር ላይ አታስቀምጣት።

ጥያቄ፦ ውጣ ባልኩት ቁጥር ይመታኛል። ማስጠንቀቂያ ልጻፍለት?

መልስ፦ አይ፣ አንቺ አትጻፊ። ብቻሽን ሆነሽም አትንገሪው። ቀድመሽ ወደምታምኚው ሰው ቤት ሂጂ፣ መታወቂያሽንና የቤቱን ሰነድ ያዢ። ወዲያው አደጋ ካለ 991 ደውዪ። ከተጎዳሽ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሄደሽ አስመዝግቢ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር አጋር ላይ ብቻ ሳይሆን ሳይጋቡ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃትንም ይሸፍናል። ስላልተጋባችሁ ፖሊስ አይቀበለኝም ብለሽ አትቅሪ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ መጠለያ አለው። ቤቱ ይቆየን፣ ነፍስሽ ትቅደም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ቤቱ በስሜ ነው። የቀድሞ ጓደኛዬ እዚያው ተቀምጧል፣ ስልኬንም አያነሳም።

መልስ፦ ለምታምኚው ሰው በቆንስላው በኩል ውክልና ስጪ። «ቤቴን ያስተዳድር» ብቻ አይበቃም። መክሰስና መከራከር እንደሚችል በግልጽ ይጻፍ። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ጀምሪው።

ጥያቄ፦ ቅድም ስለ ቁልፍ የጠየቅኩት ነኝ። ወንድሙ አነጋግሮት ቅዳሜ እወጣለሁ ብሏል። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ እሰይ! ዕቃውን አብራችሁ ቁጠሩ፣ ፎቶ አንሺ፣ ዝርዝሩ ላይ እሱና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ። ወንድሙ እንዲገኝ ጠይቂው። ቁልፉን በእጅሽ ተቀበዪ፣ መረከብሽም ይጻፍ። ከዚያ በዚያው ቀን ቁልፍ ሠሪ ጥሪ። አሁን ቀይሪው።